ሣሩ የማን ነው? የደቡብ ወሎ የተከለሉ ተራሮች ጉዳይ

የተራቆተ ተራራ ራሱን ማዳን ይችላል። ከብት ካልረገጠው፣ መጥረቢያ ካልነካው፣ ጥቂት ክረምት ሲያልፍበት ሣር ያበቅላል። ከሣሩ ኋላ ቁጥቋጦው ይመጣል። ቆቁም ሚዳቋውም ተከትሎ ይመለሳል። ወሎ ውስጥ ይህን ከአርባ ዓመት በላይ አይተነዋል። ስለዚህ የተፈጥሮ አቅም አያጠራጥርም። የሚያጠራጥረው የሰዉ ጉዳይ ነው። ተራራው ሲከለል የሚበቅለው ሣር የማን ነው? የደቡብ ወሎ የተከለሉ ተራሮች ታሪክ ዞሮ ዞሮ እዚህ ጥያቄ ላይ ያርፋል።

የማወራው ደሴንና ኮምቦልቻን ከበው ስላሉት ተዳፋቶች ነው። ቃሉ፣ ተሁለደሬ፣ አልቡኮ፣ አምባሰል የሚባሉት ወረዳዎች። ዓመቶቹን በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

ተራሮቹ እንዴት ተራቆቱ

የወሎ ገበሬ ሁለት ዝናብ ይጠብቃል። አንዱ በልግ ነው፤ ከየካቲት አካባቢ ጀምሮ ይጥላል። ሌላው ክረምት ነው። በልግ ሲቀር ደጋው ይቸገራል፣ ክረምት ሲቀር ሁሉም ይቸገራል። በዚህ ላይ ማሳው ተዳፋት ነው። መሬቱ ታርሶ ለስልሶ፣ ሰብሉ ገና ሳይሸፍነው የሐምሌ ዝናብ ይወርድበታል። አፈሩ የሚሄደው ያኔ ነው።

ከማሳው በላይ ያለው ተረተር ደግሞ የወል ግጦሽ ነው። ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ ከብት ይለቀቃል። የማንም ከብት የማንም ቦታ ይገባል። ልቅ ግጦሽ የሚባለው ይኸው ነው። ፍየል ቡቃያውን ትቀነጥባለች፣ በሬ ሣሩን እስከ ሥሩ ይግጠዋል፣ ኮቴው አፈሩን ይጠቀጥቀዋል። የተጠቀጠቀ አፈር ውሃ አያሰርግም። ውሃው ላይ ላዩን ይሮጣል፣ ቦረቦር ይቆርጣል፣ ታች ያለውን ማሳ ድንጋይ ያለብሰዋል። ከዚያ ገበሬው ያጣውን ማሳ ለመተካት ወደ ላይ ይወጣል፣ ተረተሩን ያርሳል። ግጦሹ ይጠብና በቀረችው ላይ ያው የከብት ብዛት ይረባረባል።

በቃሉ ወረዳ የተደረገ አንድ የአየር ፎቶ ንጽጽር ይህን ያሳያል። ተመራማሪዎች በ1950 እና በ1978 የተነሱ ፎቶዎችን ጎን ለጎን አስቀመጡ። ቁጥቋጦ የነበረው መሬት ቀንሷል፣ ራቁት መሬትና የሰው መኖሪያ ጨምሯል።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። "አገሪቱ ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶ በደን የተሸፈነች ነበረች" የሚለውን አባባል ያልሰማ የለም። በየስብሰባው ይነገራል። ለወሎ ግን አይሠራም። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ ጣሊያኖች በ1929 ገደማ ወሎ ውስጥ ያነሷቸውን ፎቶዎች ይዞ፣ ከስልሳ ዓመት በኋላ እነዚያኑ ቦታዎች እንደገና ተመለከተ። ያገኘው ነገር ብዙዎችን አስገርሟል። በብዙዎቹ ቦታዎች ዛፍ አልቀነሰም፤ እንዲያውም የጨመረበት አለ። በአብዛኛው በየቤቱ ዙሪያ የተተከለ ባሕር ዛፍ ነው።

ሁለቱ ግኝቶች አይጣሉም። አንዱ ተረተር ላይ ያለውን ቁጥቋጦ ነው የለካው፣ ሌላው መንደሩን ጨምሮ አገሩን በሙሉ ነው ያየው። ለኔ ትርጉሙ ይሄ ነው። የወሎ ተራራ በአንድ ትውልድ ጥቅጥቅ ደን አጥቶ ራቁቱን አልቀረም። ለብዙ መቶ ዓመታት የታረሰ፣ የታጨደ፣ የተጋጠ አገር ነው። ስለዚህ መልሶ ማገገም ማለት ማንም ያላየውን ደን ማምጣት አይደለም። አፈሩ እንዲቆም፣ ውሃው እንዲሰርግ፣ አገር በቀሉ ተክልና አውሬ በየተረተሩ እንደገና ቦታ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ይሄ ደግሞ ይቻላል።

በስንዴና በዘይት የተከለለ ተራራ

የ1965 እና የ1966 ረሃብ ወሎን አደቀቀው። አብዮቱ ተከተለ። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፣ የገበሬ ማኅበራትም ተቋቋሙ። ተራራ የመከለሉ ሥራ በስፋት የሄደው በእነዚህ ማኅበራት በኩል ነው። ሥራውን ያንቀሳቀሰው ከዓለም የምግብ ፕሮግራም የሚመጣው እህል ነበር። ለአንድ ሰው የአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት። በዚህ ክፍያ እርከን ተሠራ፣ ክትር ተሠራ፣ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ባሕር ዛፍና ጽድ ተተከለ፣ ኮረብታዎች ተከለሉ።

በዚያው ዘመን፣ በ1973፣ ከደሴ ብዙም በማይርቀው ማይባር ላይ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተከፈተ። የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ የጀመረው ነው። 113 ሄክታር ገደማ በሆነች አንዲት ተፋሰስ ላይ ስንት ዝናብ እንደጣለ፣ ስንት ውሃ እንደወረደ፣ ስንት አፈር እንደሄደ ዓመት ከዓመት ይለካ ጀመር። ስለ ደጋው አፈር መሸርሸር ዛሬ በእርግጠኝነት ከምንናገረው ብዙው የተገኘው እንደ ማይባር ካሉ ጣቢያዎች ነው።

በ1977 ረሃቡ ተመልሶ መጣ። እርዳታው ጨመረ፣ ክለላውም ሰፋ።

ችግሩ ያለው ክለላው በተሠራበት መንገድ ላይ ነው። ውሳኔው ከላይ ወረደ። የትኛው ተራራ እንደሚከለል፣ ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ ከብቱ የት እንደሚሄድ ገበሬውን በቅጡ የጠየቀው አልነበረም። በብዙ ቦታ ሣር ማጨድ ተከለከለ። ጭራሮ መልቀም ተከለከለ። የተተከለው ዛፍ ሲደርስ ማን ይቆርጠዋል ቢባል ግልጽ መልስ የለም። ገበሬው ጉልበቱን ሰጠ፣ ስንዴውን ወሰደ፣ ተራራውን ግን አጣ።

ከዚህ ላይ ሰፈራ መጣ። ከ1977 ጀምሮ 600 ሺህ ያህል ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነስቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወሰደ። ጎረቤቱ በመኪና ተጭኖ ሲሄድ ያየ ገበሬ፣ ከቤቱ በላይ ያለው ተራራ "ተከልሏል" ሲባል ምን ያስባል? ቀጥሎ የሚነሳው እሱ እንደሆነ ነው የሚያስበው። እንዲህ ያለ ሰው ለዛፉ ዕድሜ አይጸልይም።

በ1983 ደርግ ወደቀ። ጠባቂው ጠመንጃውን ይዞ ወይም ጥሎ ሄደ። የገበሬ ማኅበሩም ሥልጣን አልነበረውም። በብዙ አካባቢ ሕዝቡ ወደ ተከለለው ተራራ ወጣ። ዛፉ ተቆረጠ፣ ከብቱ ገባ፣ አንዳንድ ቦታ እርከኑም ፈረሰ። የዓመታት ሥራ በአንድ በጋ ተበላ።

ይህን ጥፋት "የገበሬው አላዋቂነት" ብለው ሲያልፉት ስሰማ በጣም ይከፋኛል። ገበሬው ተራራ እንደሚያገግም ከማንም በላይ ያውቃል። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ በየመስጊዱና በየሸኹ መቃብር ዙሪያ የቆመውን ወይራ፣ ጽድና ዋርካ ጠብቆ ያቆየው ራሱ ነው። በ1983 የተቆረጠው የመንግሥት ናቸው የተባሉት ዛፎች ናቸው። የራሱ አድርጎ ያያቸው በአመዛኙ ቆመው ተገኝተዋል። ሁሉም የተከለለ ቦታ አልጠፋም፤ ሕዝቡ ሣር የሚያገኝበት፣ ተራራውን የኔ የሚልበት ቦታ የመትረፍ ዕድሉ የተሻለ ነበር።

ቁጥቋጦው ሥር ምን አለ

አንድ የተከለለ ተራራ ሲያገግም በቅርብ ማየት ደስ ይላል። በመጀመሪያው ክረምት የሚመጣው ዓመታዊ ሣርና አረም ነው። ቀጥሎ ሰርዶውና ሰንበሌጡ መሬቱን ይይዛሉ። ሰንበሌጥ ሲቆም ሰው ያክላል፣ ለቤት ክዳንም ይሆናል። ከዚያ ቁጥቋጦው ይነሳል፤ ክትክታ፣ እምቧጮ፣ ደደሆ፣ አጋም፣ ግራር። እነዚህ ብዙዎቹ ድሮም አልጠፉም ነበር። ጉቷቸው መሬት ውስጥ ተቀብሮ፣ በየዓመቱ እየተቆረጠና እየተጋጠ፣ ክንድ ሳይሞላ ይኖር ነበር። ሲተዉት ያድጋል።

ትልልቆቹ ዛፎች ግን እንዲህ አይመጡም። በደቡብ ወሎ ተዳፋቶች አፈር ውስጥ ምን ዘር እንዳለ ተጠንቷል። አፈሩ ተወስዶ፣ ውሃ እየጠጣ የሚበቅለው ሲቆጠር፣ አብዛኛው ሣርና ቅጠላ ቅጠል ሆነ። የዛፍ ዘር በጣም ጥቂት ነው። ይሄ የወሎ ብቻ ጠባይ አይደለም። ወይራና ዝግባ ዘራቸውን አፈር ውስጥ ለዓመታት አያከማቹም። ስለዚህ እናት ዛፉ ከአካባቢው ከጠፋ ተራራውን መቶ ዓመት ብትከልለው ወይራ ከየትም አይመጣም።

ዘሩን የሚያመጣው ወፍ ነው። ወፉ የወይራውን ፍሬ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይበላል፣ በርሮ ተረተሩ ላይ ያለ ቁጥቋጦ ላይ ያርፋል፣ ዘሩን እዚያው ይጥለዋል። ትግራይ ውስጥ በተከለሉ ቦታዎች የተደረጉ ጥናቶች የወይራ ችግኝ ሜዳው ላይ ሳይሆን ደደሆና ግራር ሥር እንደሚገኝ አሳይተዋል። የተከለለ ተረተር ላይ ስትወጡ አንድ ደደሆ ፈልጉና ጎንበስ ብላችሁ ቅርንጫፉን ገለጥ አድርጉት። ከላይ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ እሱ ሥር ግን አፈሩ ጥቁርና ርጥብ ነው፣ የረገፈ ቅጠል አለው። ከመሃል ስንዝር የማታክል፣ ቅጠሏ ከላይ አረንጓዴ ከታች ፈዘዝ ያለ ችግኝ ካገኛችሁ ወይራ ናት። ቁጥቋጦው ሞግዚቷ ነው። ጥላ ይሰጣታል፣ ከፍየል አፍም ይደብቃታል።

ይህን የምዘረዝረው ለጌጥ አይደለም። ሥራ ላይ የሚሠራ ትልቅ ስህተት ስላለ ነው። ሐምሌ ሲመጣ ለችግኝ ጉድጓድ ይቆፈራል። ለጉድጓዱ ሲባል "የማይረባ ቁጥቋጦ" እየተባለ ደደሆውና ክትክታው ይመነጠራል። ወይራ በነጻ ሊያበቅል የነበረው ተነቅሎ በምትኩ ከፕላስቲክ የወጣ ችግኝ ይገባል። በጋው ሲመጣ ችግኙ ይደርቃል፣ ቁጥቋጦውም የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአንድ ቀን እንደተተከለ ሲዘገብ ሁላችንም ሰምተናል። ችግኝ መትከል ጥሩ ነው፤ እናት ዛፍ በጠፋበት ተራራ የግድም ነው። ግን ቁጥቋጦው ሥር ነው መተከል ያለበት፣ ቁጥቋጦውን ነቅሎ አይደለም። የተተከለውን መቁጠር ቀላል ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የቆመውን ስንቱ ይቆጥራል?

ስለ አውሬው

ሽፋን ሲመለስ አውሬ ይመለሳል። ቆቅና ጅግራ ይቀድማሉ። ሚዳቋ፣ ጃርት፣ ጦጣ፣ ዝንጀሮ፣ ጅብ ይከተላሉ። ለከተማ ሰው ይሄ የምሥራች ነው። ለገበሬው ግን ግማሹ ነው የምሥራች። ዝንጀሮ በቆሎ ሲያሸት ይወርዳል። ጃርት ሌሊት ድንች ይቆፍራል። የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፣ ያ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት ቤት መዋል የነበረበት ልጅ ነው። ተራራ መከለል ይህን ዕዳ እንደሚያመጣ ከመጀመሪያው ቁጭ ብሎ መነጋገር ይገባል። ከተራራው ሥር ያለው ማሳ ዝንጀሮ የማይወደው ሰብል እንዲዘራበት፣ ጥበቃውም በተራ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። ዝም ሲባል ግን ገበሬው ተራራውን ይጠላዋል፣ እውነቱንም ነው።

የማይመለስም አለ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለችው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፣ ቁጥሯም ከ500 በታች ነው። ደቡብ ወሎ ውስጥ ጉጉፍቱ ላይ ትኖር ነበር፤ ባለፈው መቶ ዓመት ውስጥ ከዚያ ጠፍታለች። ዛሬ በወሎ የቀረችው እንደ አቡነ ዮሴፍና ቦረና ሳይንት ባሉ ከፍታዎች ላይ ነው። ቀይ ቀበሮ እንደ ሚዳቋ በተረተር ተረተር ተሻግራ አትመጣም። ውርጭ የሚጥልበት ሣራማ ደጋ ነው ቤቷ፣ ምግቧም እዚያ ያለው አይጥ ነው። ገብሱ ሽቅብ እየወጣ ሲሄድ ቤቷ ደሴት ይሆናል። ከመንደር ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታም ይጨርሳታል። ታች ያለውን ኮረብታ ዘግይተንም ልናድነው እንችላለን። ላይኛው ደጋ ግን ጊዜ አይሰጥም።

ቅሬው ሲገባበት

ከ1997 ጀምሮ ሴፍቲኔት መጣ፤ ለችግረኛ ቤተሰብ በሥራ ምትክ ምግብ ወይም ገንዘብ የሚሰጥበት ፕሮግራም ነው። የማኅበረሰብ ሥራው ብዙው ተፋሰስ ላይ ዋለ። ከ2003 በኋላ ደግሞ በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ሕዝቡ በነጻ ጉልበቱ የሚወጣበት የተፋሰስ ዘመቻ ተለመደ። እንደገና ብዙ ተራራ ተከለለ። በዚህኛው ዙር የተሻለ ነገር ቢኖር ሣሩን አጭዶ የመውሰድ መብት ነው። ከብት አይገባም፣ ሰው ግን ማጭድ ይዞ ይገባል።

ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ሁሉን ይለውጣል። ሣሩ ዘሩን ከጣለ በኋላ፣ ጥቅምት ገደማ፣ ቦታው ተለክቶ ይከፋፈላል። የት የማን እንደሚሆን በዕጣ ከወጣ ጉቦም ዝምድናም አይገባበትም። ከብት የሌላት ሴት ድርሻዋን ትሸጣለች። መሬት ያልደረሳቸው ወጣቶች ቀፎ ይሰቅላሉ፤ የተከለለ ተራራ አበባ አያጣም። ሣር በቤቱ የከመረ ገበሬ በሬውን አስሮ ይቀልባል፣ ያደልባል። አስሮ የሚቀልብ ሰው ደግሞ ልቅ ግጦሽ እንዲቀር ራሱ ይሟገታል።

ሕጉን የሚያስከብረው ማን ነው? እኔ ከጠባቂ ይልቅ ቅሬውን፣ ማለትም የመንደሩን ዕድር፣ አምናለሁ። የወሎ ቅሬ ሲሞቱ መቅበሪያ ብቻ አይደለም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት፣ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቅ፣ ያጠፋውን የሚቀጣ ተቋም ነው። ከብቱን ተራራው ላይ የለቀቀ ሰው ቀበሌ ሲቀጣው ይከራከራል፣ ይግባኝ ይላል፣ ጉቦም ሊሞክር ይችላል። ቅሬ ሲቀጣው ግን ይከፍላል። ከቅሬ የወጣ ሰው ሬሳውን የሚያነሳለት የለማ። የተራራው መተዳደሪያ ደንብ በቢሮ ተጽፎ ከሚወርድ፣ ቅሬው ውስጥ ተመክሮበት ቢጻፍ ይሻላል።

ሸክሙ የማን እንደሆነም መታየት አለበት። ሣር አጭዶ ማምጣት ማለት ከተራራ ላይ በጀርባ ተሸክሞ መውረድ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሸከሙት ሴቶችና ልጆች ናቸው። ብዙ በግና ፍየል ያለው፣ የሚያጭድለት ጉልበት የሌለው አባወራም በክለላው ይጎዳል። በተለይ በልግ በቀረበት ዓመት ሁሉም ዓይኑን ወደ ተከለለው ሣር ይጥላል። ደንቡ ለዚያ ዓመት ምን እንደሚል አስቀድሞ ካልተጻፈ፣ ክለላው በዚያው ዓመት ይፈርሳል። በችግር ጊዜ ከተራራው የተወሰነው ክፍል ብቻ ቀድሞ እንዲታጨድ መፍቀድ ጠቅላላውን ከማጣት ይሻላል።

አሁን የቀረው

በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ውስጥ ነበሩ። ከዚያ ወዲህም አካባቢው ሰላም ያጣባቸው ጊዜያት አሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ የመንግሥት ጠባቂ ደመወዙም ትዕዛዙም ይቋረጣል። ከሰል ግን ገበያው አይቋረጥም። የ1983ቱን የሚያውቅ ሰው አሁን መጠየቅ ያለበት፣ በየወረዳው ስንት ሄክታር ተከለለ የሚለውን አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛ በሌለበት ክረምት ተራራውን ማን ጠበቀው የሚለውን ነው።

ሕጉ በር ከፍቷል። የ2010ሩ የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ፣ ቁጥር 1065፣ የማኅበረሰብ ደንን ከመንግሥትና ከግል ደን ለይቶ ያውቀዋል። ተራራውን የሚጠብቀው ሕዝብ ባለቤትነቱን በወረቀት እንዲይዝ ከዚህ በላይ መነሻ አያስፈልግም። ገበሬው ለማሳው የይዞታ ደብተር አለው። ለተረተሩም በቅሬው ወይም በተጠቃሚ ማኅበሩ ስም ወሰኑ ተለክቶ፣ ካርታው ወጥቶ፣ ደብተሩ ይሰጠው። ከችግኝ ቁጥር በፊት የወረዳው ሪፖርት ላይ መግባት ያለበት ቁጥር ይሄ ይመስለኛል፤ ስንት ተራራ ደብተር አገኘ፣ በማን ስም፣ ሣሩስ ባለፈው ጥቅምት እንዴት ተከፋፈለ።